ዱቄቱ በማድጋ፣ ዘሩ በጎተራ
በክፉ ቀን በእግዚአብሔር ስለ መታመን



ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት በሚደርሱን ደብዳቤዎችም ሆነ በየፕሮጀክቱ በምናደርገው ጉብኝት ሁለት ጥያቄዎች ሳይነሡ ቀርተው አያውቁም። አንደኛው ከሰጪዎች ዘንድ የሚመጣ ነው። «እግዚአብሔር ሕዝቡን የሚመግብ አባት ከሆነ እህል ማከማቸት፣ ዘር ማስቀመጥ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ መሰብሰብ ለምን አስፈለገ? እምነት ማነስ አይሆንምን?» ይላሉ። ሁለተኛው ዝናብ ከቀረበት አገር ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚጠየቀው ጉባኤው ከተበተነ በኋላ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። «ጸለይን፤ ጾምን፤ ዝናቡ ግን አልመጣም። ምን በድለን ይሆን?»

ሁለቱም ቅን ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው በተሳሳተ መንገድ ቢመለስ የሰጪውን እጅ ያጥፋል፤ ሁለተኛው በተሳሳተ መንገድ ቢመለስ ግን የተራበውን ሰው ከረሃቡ በላይ ይሰብረዋል። ስለዚህ በዚህ እትም ሁለቱንም አንድ ላይ ልንመለከታቸው ወደድን።

ረሃብ እንዴት ይገባል?

ከሁሉ አስቀድሞ ረሃብ በአንድ ሌሊት እንደማይመጣ መረዳት ያስፈልጋል። የበልግ ዝናብ በየካቲትና በመጋቢት ሳይጥል ሲቀር ገበሬው ወዲያው አይራብም። በቤቱ ያለችውን እህል ይቆጥባል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላ የነበረው ቤተ ሰብ ሁለት ጊዜ፣ ቆይቶም አንድ ጊዜ ይበላል። ዶሮውንና ፍየሉን ይሸጣል። የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይወጣል። ከዘመድ ይበደራል፤ ዘመድም ሲያልቅበት ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከብቱን ወደ ገበያ ስለሚያወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ ሰው ሁሉ እህል ፈላጊ ስለሆነ የእህል ዋጋ ይሰቀላል። ባለፈው ዓመት ብዙ እህል ይገዛ የነበረ በግ ዘንድሮ ጥቂት ቁና ብቻ ይዞ ይመለሳል። በመጨረሻ በቤቱ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የእርሻ በሬውና ለዘር የተቀመጠው እህል። በሬው የተሸጠ፣ ዘሩም የተበላ ዕለት፣ ሰማዩ በሰኔ ቢከፈት እንኳ ገበሬው የሚያርስበትም የሚዘራውም የለውም። ድርቁ አልፎ ረሃቡ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምድሩ ለምልሞ ሳለ ሰው ይራባል። በ2000 ዓ.ም. በወላይታና በአካባቢው የደረሰው እንዲህ ያለ ነበር። በልጉ ስለ ከሸፈና ክፍተቱን ይሸፍን የነበረው ስኳር ድንች ስላልደረሰ፣ ዘግይቶ በጣለው ዝናብ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ እያለ ሕፃናት በረሃብ ይከሱ ነበር። በመኪና የሚያልፍ እንግዳ «የታለ ረሃቡ?» ቢል አይፈረድበትም። በቆሎው እሸት እስኪሆን ድረስ ግን ሁለትና ሦስት ወር ይቀረው ነበር።

ይህን የረሃብ ቅደም ተከተል መጀመሪያ የጻፈው የዘመናችን የልማት ባለሙያ አይደለም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 47ን ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው እዚያ ያገኘዋል። የግብፅ ሰዎች በመጀመሪያ ብራቸውን ጨረሱ። ቀጥሎ ፈረሶቻቸውን፣ በጎቻቸውን፣ ላሞቻቸውንና አህዮቻቸውን በእህል ለወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ከምድራቸውና ከራሳቸው በቀር የሚሰጡት እንደ ሌላቸው ተናግረው ራሳቸውን ለባርነት አቀረቡ። ከዮሴፍም የለመኑት የሚበላ እህል ብቻ አልነበረም፤ ምድሪቱ ባድማ እንዳትሆን ዘርም እንዲሰጣቸው ጠየቁት። ገበሬዎች ናቸውና የሚያድናቸው ምን እንደ ሆነ ያውቁ ነበር።

ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ አምስተኛውን እጅ እንዲከማች አድርጎ ነበር። ሕልሙን የገለጠለት አምላክ ጎተራ መሥራቱን እንደ አለማመን አልቈጠረበትም፤ ሕልሙ የተገለጠው ጎተራው እንዲሠራ ነውና። ሆኖም እኛ በርዳታ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ምዕራፍ ልባችን ሳይከብድ አናነበውም። የዮሴፍ ጎተራ የብዙዎችን ነፍስ አዳነ፤ ሕዝቡ ግን ከረሃቡ የወጣው መሬት አልባ ሆኖ ነው። ርዳታ ከብቱ ከተሸጠ በኋላ ሲደርስና በሬው ገና በበረት እያለ ሲደርስ እኩል ዋጋ የለውም የምንለው ስለዚህ ነው።

በአገራችን «ክፉ ቀን» የሚለው አነጋገር ራሱ የአንድ ዘመን ስም ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ታላቅ ረሃብ፣ የደስታ በሽታ የተባለው የከብት ደዌ ከቀንድ ከብቱ አብዛኛውን ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው በመቆፈር፣ ያለ በሬ ማረስ ነውር እንዳልሆነ ለሕዝቡ እንዳሳዩ ይነገራል። ይህ ደዌ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታውጇል፤ በሰው ልጅ ጥረት ከምድር ገጽ ከጠፉት በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። በአፋር በረሃ ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የሠለጠኑ ከታቢዎች ሙቀት የሚችለውን ክትባት ይዘው ከመንጋ ወደ መንጋ በመዞር ለዚህ ውጤት ድርሻ አበርክተዋል። አያቶቻችን «አቤቱ ከብታችንን ጠብቅ» ብለው የጸለዩት ጸሎት ከመቶ ዓመት በኋላ በመርፌ መመለሱን ስናስብ፣ የእግዚአብሔር ጥበቃ በምን መንገድ እንደሚመጣ አስቀድመን መወሰን እንደማንችል እንረዳለን።

ስለ ወፎቹ

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ሰማይ ወፎች የተናገረውን (ማቴ. 6) አንዳንዶች ለስንፍና ማስረጃ ያደርጉታል። ወፍን የተመለከተ ሰው ግን ከንጋት እስከ ምሽት ስትለቅም እንደምትውል ያውቃል። ጌታ የከለከለው ጭንቀትን ነው። መጨነቅና ማሰብ ደግሞ አንድ አይደሉም። ዘሩን ለይቶ በቅል አስሮ ጢስ ባለበት ጣሪያ ሥር የሚሰቅል ገበሬ ስለ ነገ አስቧል፤ ከሰቀለ በኋላ እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ተጨንቋል። የመጀመሪያው የእጁ ሥራ ነው፤ ሁለተኛውን ለአባቱ እንዲተው ተጠርቷል። በሌላ በኩል ሞልቶ የተረፈው ሰው ጎተራውን አፍርሶ የበለጠ ሲሠራ፣ በመንገዱ ዳር የተራበ ካለ፣ ያ ጎተራ የዮሴፍ ጎተራ አይደለም፤ በሉቃስ 12 የተነገረለት የባለጠጋው ጎተራ ነው። ልዩነቱ ጎተራው ለማን ይከፈታል የሚለው ላይ ነው።

ኤልያስና የሰራፕታዋ መበለት

ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ ሲሰበክ ከ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 17 የበለጠ የሚጠቀስ ታሪክ ምናልባት የለም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹን ብቻ እንሰማለን። ሙሉውን እንመልከተው።

ኤልያስ ድርቁን ያወጀ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከድርቁ ውጭ አልኖረም። እግዚአብሔር ወደ ኮራት ፈፋ ላከው፤ ቁራዎችም መገቡት። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ፈፋው ደረቀ። ይህን ልብ በሉ፤ እግዚአብሔር ራሱ ያመላከተው ወንዝ ነው የደረቀው። ኤልያስ ስላልታዘዘ ወይም እምነቱ ስለ ደከመ ነው የሚል ቃል በምዕራፉ ውስጥ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ሆኖ ተጽፏል፤ በምድር ላይ ዝናብ ስላልነበረ ነው። የእግዚአብሔር ሰው እንደ ጎረቤቱ ሁሉ ድርቁን ቀመሰ።

ከዚያ ወደ ሰራፕታ፣ በሲዶና አገር ወዳለች ወደ አንዲት መበለት ተላከ። ባለጠጋ ቤት አልተላከም፤ የእስራኤል ወገን ወደ ሆነችም አልተላከም። በማድጋዋ ውስጥ የቀራት እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮዋም ጥቂት ዘይት ነበር፤ የመጨረሻውን እንጀራ ጋግራ ከልጇ ጋር ልትበላና ልትሞት እንጨት ትለቅም ነበር። የተደረገውን ተአምር ሁላችን እናውቀዋለን። ሆኖም ማድጋው ሞልቶ እንደ ፈሰሰ አልተጻፈም። ጠዋት ሲከፈት የዚያን ዕለት የሚበቃ ነበረበት፤ በማግሥቱም እንዲሁ። መበለቲቱ አንድም ቀን የወሩን ቀለብ በዓይኗ አላየችም። በየቀኑ እጇን ወደ ማድጋው ስትሰድ እንደ ገና ማመን ነበረባት።

ብዙ ጊዜ የማይሰበከው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዱቄቱ ባላለቀበት በዚያው ቤት ልጁ ታመመ፤ ሞተም። እናቲቱም በመጀመሪያ የተናገረችው በየመንደሩ እኛም የምንሰማውን ነው፤ ነቢዩ የመጣው ኃጢአቷን ሊያሳስብና ልጇን ሊገድል እንደ ሆነ ጠየቀች። ኤልያስ ለዚህ ጥያቄ ምን መለሰ? «አዎን፣ በኃጢአትሽ ነው» አላለም። ምክርም አልሰጣትም። ልጁን ከእቅፏ ተቀብሎ ወደ ሰገነቱ ወጣ፤ በዚያም ስለዚች መበለት ከእግዚአብሔር ጋር ራሱ ተሟገተ።

ስለዚህ «ምን በድለን ይሆን?» ብሎ ለሚጠይቀን ወንድም የምንመልሰው ይህንን ነው። ከዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርት ሲጠይቁ (ዮሐ. 9)፣ የሰሊሆም ግንብ ስለ ወደቀባቸው አሥራ ስምንት ሰዎች ሲነገር (ሉቃ. 13)፣ ጌታ የመከራውን መጠን በበደሉ መጠን አልለካም። በአንድ ሸለቆ ዝናብ ጥሎ በሚቀጥለው ሲቀር፣ የዚህኛው ሸለቆ ሰዎች ከዚያኛው ይልቅ ኃጢአተኞች ስለሆኑ አይደለም። ይህን የሚል ሰባኪ ካለ ልጁን ከእናቲቱ እቅፍ ለመቀበል እጁን ይዘርጋና ከዚያ በኋላ ይናገር።

ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ደግሞ ምዕራፍ 19ን እንጠቁማለን። ያው ኤልያስ በኋላ ደክሞት፣ ሞትን ለምኖ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተኛ። መልአኩ ሲመጣ አልገሠጸውም፤ አላስተማረውምም። ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንደ ገና እንዲተኛ ተወው፤ ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ቃሉ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በእህል ማደያ ጣቢያ ረጅም ስብከት እንዲደረግ ለሚጠይቁን ወዳጆች የምንሰጠው መልስ ከዚህ የተወሰደ ነው። ሠራተኛውም ቢሆን ሥጋ ለባሽ ነውና እርሱም መተኛትና መብላት አለበት።

በእስር ቤት የተበላ እንጀራ

በአገራችን ታሪክ ውስጥ ይህ ነገር እንዴት እንደ ተፈጸመ ለማየት የወላይታን ቤተ ክርስቲያን እናንሣ። በ1929 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ የወንጌል መልእክተኞቹ ከሶዶ እንዲወጡ ሲደረግ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው አልነበራቸውም፤ በእጃቸው የነበረው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ክፍሎች ናቸው። ቀጥሎ ስደት መጣ። መሪዎቹ ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ ከግርፋቱ የተነሣ የሞቱም አሉ። ስማቸው እስከ ዛሬ ከሚነሣው አንዱ ዋንዳሮ ነው።

እኛን በተለይ የሚነካን የቀለባቸው ነገር ነው። ወራሪው መንግሥት ለእስረኛ ቀለብ አይሰጥም ነበር፤ ዘመድ ያላመጣለት እስረኛ ይራባል። አማኞቹ ግን ከሩቅ መንደር በእግር እየተጓዙ ለወንድሞቻቸው ምግብ ያመጡ ነበር፤ የሚያመጡትም ተርፎ አማኝ ላልሆኑት እስረኞች ይካፈል ነበር። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ይህ እንዴት ያለ ፍቅር ነው ብሎ ጠየቀ። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ መልእክተኞቹ ሲመጡ ያገኙት 48 ሰው ሳይሆን ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ነበር። እነዚያ እስረኞች ጠዋት ጠዋት «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» ብለው ሲጸልዩ፣ መልሱ በአንዲት እናት ራስ ላይ በመሶብ ሆኖ ገና በመንገድ ላይ ነበር። ቁራም አላስፈለገም።

ሳይድኑ ስለ ቀሩት

ይህን ስንል ግን ያመነ ሁሉ ይድናል፣ የጸለየ ሁሉ ይጠግባል ማለታችን አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ አስገደለው፤ ጴጥሮስን መልአክ ከወኅኒ አወጣው። ለሁለቱም ቤተ ክርስቲያን እንደምትጸልይ አንጠራጠርም። አንዱ ለምን ዳነ፣ ሌላው ለምን አልዳነም ለሚለው ምዕራፉ ምክንያት አይሰጥም፤ እኛም አንሰጥም።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ለነፍስም ለሥጋም የሚሆን አገልግሎት አይነጣጠልም ብለው ይከራከሩ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮቿ የላከችው የታወቀ ደብዳቤም ይህንኑ አሳብ የያዘ ነው። በደርግ ዘመን ከአገር እንዲወጡ ዕድል ሲቀርብላቸው መንጋቸውን ትተው ለመሄድ አልፈቀዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አፅማቸው የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለ10 ዓመት ያህል ታስረዋል። በእግዚአብሔር መታመን ለእኒህ ሰዎች የመትረፍ ዋስትና አልነበረም፤ ይህን አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ አውቀውም ታመኑ።

በ1977 ዓ.ም. በኮረም ሜዳ ላይ ከሞቱት መካከል ሲጸልዩ ያደሩ ብዙ ነበሩ። ስለ እነርሱ በሚነገርበት ጊዜ ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ።

የአንጾኪያ ሰዎች ያደረጉት

አጋቦስ የተባለ ነቢይ በዓለም ሁሉ ታላቅ ረሃብ እንደሚሆን በአንጾኪያ ሲናገር (ሐዋ. 11)፣ ደቀ መዛሙርቱ ረሃቡ የማን ቅጣት ነው ብለው ሲከራከሩ አናይም። እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አወጡ፤ በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። ማስጠንቀቂያው እንደ ተሰማ መዋጮው ተጀመረ። በኋላም ጳውሎስ ከመቄዶንያና ከአካይያ ገንዘብ ሲያሰባስብ ብቻውን አልያዘውም፤ ማንም እንዳይነቅፈው በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጡ ሌሎች ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ (2ቆሮ. 8)። አንዳንድ አገልጋይ ደረሰኝና የመጋዘን መዝገብ ሲጠየቅ «አታምኑኝምን?» ብሎ ይቆጣል። ጳውሎስ አልተቆጣም። በአምላክ መታመን የሒሳብ መዝገብን የሚያስቀር አይደለም፤ የድኻ እህል ነውና እንዲያውም ያጠብቀዋል።

ሒሳቡን ካነሣን ዘንድ፣ ሠራተኞቻችን የሚሠሩበትን መጠን ምእመናንም እንዲያውቁት እንወዳለን። በአገራችን ለአንድ ሰው በወር የሚታደለው የርዳታ እህል ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው፤ ከዚህ ጋር አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ከግማሽ ሊትር ያልበለጠ ዘይት ይሰጣል። እህሉ በቀን ሲካፈል ግማሽ ኪሎ ይደርሳል፤ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት በወር 75 ኪሎ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው የአስቸኳይ ርዳታ ያስፈልገው ነበር። አሥር ሚሊዮንን በ15 ኪሎ ያባዛ ሰው፣ ማንም ድርጅት ብቻውን ማድጋውን ሊሞላ እንደማይችል ይገባዋል። በዚያ ዓመትም ቢሆን ከመንግሥትና ከውጭ ርዳታ ሌላ ብዙውን ሸክም የተሸከመው ጎረቤት ነው። አንድ አንድ በሬ ብቻ የቀራቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ ጠምደው የሁለቱንም ማሳ ሲያርሱ፣ ለታመመው ሰው ደቦ ሲወጣለት፣ ይህ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ይህ ነው።

አብያተ ክርስቲያናት ከእኛ ጋር ሊሠሩ ሲፈልጉ በተለይ የምንለምናቸው ስለ ጊዜው ነው። ብዙ አጥቢያዎች የመከር ምስጋና ስጦታ በኅዳርና በታኅሣሥ ያሰባስባሉ፤ ስጦታው ግን ተጠቃሎ እጃችን እስኪገባ ግንቦት ይሆናል። ማሽላ በሚያዝያ ይዘራል፤ ጤፍ በሐምሌ። የዘር እህል የሚገዛው ደግሞ ዋጋው ገና ሳይወጣ፣ መኸሩ ከተወቃ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት ነው፤ ከአካባቢው አየር ጋር የተስማማ፣ በሽማግሌ ገበሬዎች የተመረጠ ዘር በሩቅ ገበያ አይገኝምና። ስለዚህ የየአጥቢያው ሽማግሌዎች ለዘር የተሰጠውን ከሌላው ለይተው እስከ ጥር መጨረሻ ቢልኩልን፣ ዘሩ ከዝናቡ በፊት በገበሬው ጎተራ ይገባል። በልጉ ከጣለ ይዘራዋል። ካልጣለም የበሬዎቹን መኖና የቤተ ሰቡን ቀለብ እስከ ሰኔ የሚያደርስ ሌላ ስጦታ ያስፈልጋል፤ ስለዚህም በሚያዝያ እንጽፍላችኋለን።